ጥቁሩ ካታሊና፦ የ1/72 ሞዴል ግምገማ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገጣጣሚዎች

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ቅኝት አውሮፕላን ለሚወድ ሰው የፒቢዋይ-5ኤ ካታሊና ሞዴል ዋጋው አይቆጭም። 1/72 ማለት ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው፤ እውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31.7 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 44 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል፤ መደርደሪያችሁን ቀድማችሁ ለኩ።

እኛ የምንመክረው ቪፒ-12 የተባለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጓድ) ጥቁር አውሮፕላን መሥራት ነው። ካታሊና ቀርፋፋ ነው፤ የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀን ላይ የተዋጊ አውሮፕላን ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ ስኳድሮኑ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1942 ጀምሮ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ካለችው ከጓዳልካናል ደሴት እየተነሣ፣ በራዳር እየተመራ፣ የጃፓን መርከቦችን በሌሊት ያድን ነበር። ራዳሩ የሥራው ዓይን ነውና ክንፍ ሥር ያሉትን ቀጫጭን አንቴናዎች አትተዉ፤ እንዳይሰበሩ ግን መጨረሻ ላይ ለጥፉ።

ትልቁ ችግር ሚዛን ነው። በጎማ የቆመ ካታሊና አፍንጫው ካልከበደ በጭራው ይቀመጣል። ኮምቦልቻ ካሉት ጎሚስታዎች የባላንስ እርሳስ ለምኑ። አካሉን በፕላስተር አስሩና ክንፉን ደግፋችሁ፣ የፊት ጎማው መሬት እስኪይዝ አፍንጫው ውስጥ ጨምሩ፤ ከዚያ ትንሽ ትርፍ አክሉበት። አካሉ ከተዘጋ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ጎማ አጥፎ በማቆሚያ ላይ የሚሰቅለው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ክንፉ በአንድ ምሰሶና በአራት ደጋፊዎች ላይ ስለሚያርፍ ቶሎ ይጣመማል። ሙጫው ሳይደርቅ ሁለቱን የክንፍ ጫፎች ከጠረጴዛው በማስመሪያ ለኩ። አውሮፕላኑ ውኃ ላይ ሲያርፍ ክንፉን የሚደግፉት ተንሳፋፊዎች ወደ ላይ ሲታጠፉ የክንፉ ጫፍ ይሆናሉ፤ በጎማ ለቆመው የታጠፈው ነው ትክክሉ።

የጎን መስኮቶቹን በሱፐር ግሉ አትንኩ፤ ትነቱ መስተዋቱን ነጭ ያደርገዋል። የእንጨት ኮላ ይበቃል፣ ሲደርቅም አይታይም።

ስለ ቀለም፦ ደሴ በክረምትና ጉም በወረደ ቀን እርጥበቱ ስፕሬይን አመድማ ስለሚያደርገው ቀለሙን ለደረቅ ቀትር አቆዩት፤ ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች በዚህ ትሻላለች። የመኪና ስፕሬይ ፕላስቲክ ሊበላ ይችላል፤ መጀመሪያ የሞዴሉ ክፍሎች ተያይዘው በሚመጡበት ትርፍ ፍሬም ላይ ሞክሩ፣ ከዚያ በስሱ ደጋግማችሁ ርጩ። ንጹሕ ጥቁር በዚህ መጠን አሻንጉሊት ያስመስለዋልና ጥቂት ግራጫ የገባበት ደብዛዛ ጥቁር ምረጡ።

ለጀማሪ አንመክረውም። ሁለት ሦስት ተዋጊ አውሮፕላን ለገጣጠመ ሰው ግን ይገባዋል።