ዛሬ ማታ ሙዚቃ የት እንስማ? የአዲስ አበባ ቤቶች ጎን ለጎን

ሰው ደውሎ «ላይቭ ያለበት ቤት ንገረኝ» ሲለኝ፣ ቤት ከመጥራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። «ልትሰሙ ነው ወይስ ልታወሩ?» ብዙዎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ምሽቱ የተበላሸበት ሰው ሲያጋጥመኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሊያወራ ሄዶ ስፒከር ሥር ተቀምጦ ነው። ወይ ደግሞ ሊሰማ ሄዶ፣ ጎኑ ያለው ጠረጴዛ ልደት ሲያከብርበት አምሽቶ ነው።

ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ይልቅ ገንዘባችሁ በየት በየት በኩል እንደሚወጣ ልንገራችሁ። እሱ ከቤት ቤት በጣም ይለያያል።

አዝማሪ ቤት ወይስ ባህላዊ ምግብ ቤት?

እነዚህን ሁለቱን ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለቱም ጋ ማሲንቆ አለ። ሁለቱም ጋ እስክስታ አለ፣ ጠጅም አይጠፋም። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ባህላዊ ምግብ ቤት እናንተ መድረኩን ታያላችሁ። አዝማሪ ቤት ግን አዝማሪው እናንተን ያያችኋል።

ከምግብ ቤቱ ልጀምር። ዮድ አቢሲኒያን፣ 2000 ሐበሻን፣ ቶቶትን የመሳሰሉት በዚህ ይታወቃሉ። መሶብ ይቀርባል፣ እጅ ታጥባችሁ ትበላላችሁ፣ ከዚያ መድረኩ ይጀምራል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ። ተወዛዋዦቹ ልብስ እየቀያየሩ ከጎንደር ወደ ጉራጌ፣ ከወላይታ ወደ ትግራይ፣ ከዚያ ወደ ኦሮሞ ይዘዋችሁ ይዞራሉ። ጉራግኛው ሲመጣ የተቀመጠ ሰው ትከሻ እንኳ ዝም አይልም። ዝግጅቱ በጊዜ ስለሚጀምር ልጆችም፣ እናት አባትም ይዞ ለመሄድ ይመቻል። ከውጭ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ደግሞ በአንድ ምሽት ብዙ ያያል።

ጉድለቱ? ዛሬ ያያችሁትን በሚቀጥለው ሳምንትም ታዩታላችሁ፤ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር አይቀየርም። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ዓይኔ መድረኩን ትቶ ሽሮው ላይ ነበር። ሒሳቡም የሙዚቃ ሳይሆን የእራት ሒሳብ ነው። በልታችሁ ከሄዳችሁ ለሙዚቃው ብቻ ብዙ ከፈላችሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ ተርባችሁ ሂዱ።

አዝማሪ ቤት ሌላ ዓለም ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ዱካው ዝቅ ያለ ነው፣ መድረክ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በመሀላችሁ ይመላለሳል። ዓይኑ አንድ ሰው ላይ ያርፍና ግጥም ይፈጥርለታል። «ተቀበል!» ካላችሁ ደግሞ እናንተ የሰጣችሁትን ስንኝ ተቀብሎ ያዜመዋል። ጓደኛን መተረብ፣ የሚወዷትን ልጅ ማሞገስ፣ ተጣልቶ የመጣን ሰው በነገር መውጋት፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ያልፋል። ሰሙ ሲያስቅ ወርቁ ቆይቶ ይገባችኋል፣ አንዳንዴ ቤት ከደረሳችሁ በኋላ።

አንድ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣች አክስቴን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ አገሩ ተቀይሮባታል። አዝማሪው አያት፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ፦

«ቦርሳሽን አጥብቀሽ ምነው ያዝሽው እቴ፣
አልሰርቅሽም እኔ ልብሽ ነው ምኞቴ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ራሷ ቦርሳውን ከፍታ ሸለመችው። እኔ መድረክ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ግን እዚህ ላይ ገንዘቡን ልብ በሉ። መግቢያ ብዙ ጊዜ የለም፣ መጠጡም ከናይት ክለብ ይቀላል። ሒሳቡ ሽልማቱ ላይ ነው። አንዴ ስማችሁ ከተጠራ ዝም ብሎ መቀመጥ ሼም ነው፤ ግንባሩ ላይ ወይ ማሲንቆው ላይ የሚለጠፍ ብር ያስፈልጋል። ስለዚህ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ትልቅ ኖት ብቻ የያዘ ሰው አዝማሪ ቤት ውስጥ ወይ ቆጣቢ ይመስላል ወይ ባዶውን ይወጣል። ነገር የማይወድ፣ ቀልድ የሚከብደው ሰው ካለ ደግሞ አትውሰዱት። አዝማሪ እንዲህ ያለውን ሰው ከበሩ ነው የሚለየው።

የት ነው የሚገኘው ለሚል፣ ነገሩ ተቀይሯል። ድሮ «ካዛንቺስ ሂድ» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። መላኩ በላይ፣ ያ ተወዛዋዥ፣ ፈንድቃን ከአዝማሪ ቤት ወደ ባህል ማዕከል ያሳደገው እዚያ ነው። ከማሲንቆው ጎን የሥዕል ኤግዚቢሽን፣ ከእስክስታው ቀጥሎ ጃዝ ያገናኝ ነበር። ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሳ። ሌሎቹም አዝማሪ ቤቶች ተበታተኑ። አሁን በሰፈር ስም አትመሩ፤ አዝማሪውን በስሙ ጠይቃችሁ እሱ የሚጫወትበትን ቤት ተከተሉ።

ጃዝ ወይስ የባንድ ናይት ክለብ?

ለመስማት ከሆነ ጃዝ። ለመጨፈር ከሆነ ክለብ። እዚህ ላይ መሀል ሰፋሪ መሆን አያዋጣም።

አዲስ አበባ የኢትዮ ጃዝ ከተማ ነች። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉትን ቅኝቶቻችንን ከቫይብራፎንና ከላቲን ምት ጋር ያዋሃደው ድሮ ነው። በኋላም ግዮን ሆቴል ውስጥ አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅን ከፍቶ ነበር። ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባ ደግሞ ጥር 2007 ሆቴሉ ሲቃጠል አብሮ ሄደ። ያን ቤት የሚያውቅ ሰው እስካሁን ሲያወራለት ይሰማል፤ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ የሚሰማ ሳክስፎን ሌላ ነበር። ይህን የማነሳው ለትዝታ ብቻ አይደለም። የጃዝ ቤት እዚህ ከተማ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። ጓደኛችሁ ከሦስት ዓመት በፊት ያወደሰላችሁ ቤት ዛሬ የበርገር ቤት ሊሆን ይችላል። ደውላችሁ ሂዱ።

ስትደውሉ ደግሞ «ላይቭ አለ ወይ?» አትበሉ። ሁሉም «አለ» ነው የሚለው። «ዛሬ የሚጫወተው ማን ነው? ስንት ሰዓት ይጀምራል?» በሉ። ብዙ ቤት ላይቭ ባንድ የሚያቀርበው በሳምንት አንድ ወይ ሁለት ቀን ነው፤ ሌላውን ቀን ዲጄ ይይዘዋል። ሐሙስ ጃዝ የሰማችሁበት ቤት ቅዳሜ ጆሯችሁን ሊያደነቁረው ይችላል። ባንዱን ካወቃችሁ ቤቱ ሁለተኛ ነገር ነው። ጎበዝ ኪቦርዲስት ያለበት ተራ ቤት፣ ሶፋው ካማረበት ቤት ይሻለኛል።

የባንድ ክለቡ ሥርዓት ሌላ ነው። አንድ ባንድ ቁጭ ይላል፣ ዘፋኞች በየተራ ይወጣሉ። ጥላሁንም፣ ማህሙድም፣ አስቴርም ይዘፈናል፤ በዚያው ማታ ደግሞ የሰሞኑ ነጠላ ዜማ ይከተላል። ከዘፋኞቹ ብዙዎቹ በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ቤት ይሠራሉ። ስለዚህ የወደዳችሁት ልጅ አራት ዘፈን ዘፍኖ ቢጠፋ አትገረሙ፤ መንገድ ላይ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው። ማታ 4 ሰዓት ከተባላችሁ 5 ሰዓት ሂዱ። ቀድሞ የደረሰ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ መጠጥ ሲገዛ ያመሻል። እኔ አንድ ጊዜ ጓደኛዬን ለልደቱ ጋብዤ 3 ሰዓት ላይ ደረስን። ባንዱ ሲጀምር እኛ ጨርሰን ነበር፣ ብሩንም ድካሙንም።

ክለብ ውስጥ ገንዘቡ ጠረጴዛው ላይ ነው። ለመግቢያ የከፈላችሁት የመቆሚያ ነው። ወንበር ያለበት ቦታ፣ በተለይ ዓርብና ቅዳሜ፣ ጠርሙስ ካላዘዛችሁ ላይሰጣችሁ ይችላል። አራት አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ጠርሙሱ ያዋጣል። ሁለት ከሆናችሁ ባሩ ጋ ቁሙ። ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ያካተተ ይሁን አይሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሰክሮ ከአስተናጋጅ ጋር ፐርሰንት ማስላት አያምርም።

የሆቴል ላውንጅ የሚባልም አለ። አንድ ፒያኖ፣ አንድ ዘፋኝ፣ ለስላሳ ድምፅ። ሙዚቃው ነፃ ነው፣ ቡናው ግን ይክሰዋል። ለሥራ እንግዳ፣ ወይ ለመጀመሪያ ቀጠሮ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ኮንሰርት ወይስ ቴአትር ቤት?

ትልቅ ኮንሰርት የምትሄዱት ለዘፋኙ ነው፣ አለቀ። ሚሊኒየም አዳራሽ፣ ለ2000 ዓ.ም. በዓል የተሠራው፣ ብዙዎቹን ያስተናግዳል። ግቢ ውስጥ የሚደረጉት ደግሞ ክፍት አየር ላይ ስለሆኑ ጃኬት ይፈልጋሉ። ለበዓል ሰሞን፣ በተለይ ለእንቁጣጣሽ፣ ይበዛሉ።

ቲኬቱ ላይ አንድ ነገር ልምከር። ቪአይፒ ማለት ሁልጊዜ መቅረብ ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ መቀመጥ ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ቪአይፒው ከመድረኩ ፊት ይሁን ከጎን ጠይቁ። ከጎን ከሆነ የዘፋኙን ትከሻ ስታዩ ታመሻላችሁ፣ መደበኛው ከፊት እየጨፈረ። ትልቅ ዝግ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ከኋላ ያለው ቦታ ድምፅ ያስተጋባል፤ ግጥም መስማት የምትወዱ ከሆነ ድምፅ ማቀላቀያው አካባቢ ቁሙ። የድምፅ ባለሙያው ጆሮ ያለው እዚያ ነው፣ ለእሱ ካማረ ለእናንተም ያምራል። ዋናው ዘፋኝ መቼ እንደሚወጣ ግን ማንም አይነግራችሁም። አንድ ኮንሰርት ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ጠብቄ፣ ሲወጣ እግሬ ለጭፈራ እምቢ አለኝ።

ከዚህ ሁሉ ሰው የሚረሳው ብሔራዊ ቴአትር ነው። በ1948 የተከፈተ፣ ከፊቱ ያ የአንበሳ ሐውልት የቆመበት ቤት። ሰው ቴአትር ብቻ ይመስለዋል እንጂ የራሱ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች አሉት። ወንበሩ ወንበር ነው፣ ከጎናችሁ የሚጮህ የለም፣ ቲኬቱም ከአንድ የክለብ ምሽት ጋር አይወዳደርም። የፈረንሳይ ቋንቋና ባህል ማዕከሉ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የሚያዘጋጃቸውን ኮንሰርቶችም ተከታተሉ። ወጣት ሙዚቀኞች አዲስ ነገር የሚሞክሩት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ቦታ ነው። እዚያ የሚመጣ ሰው ሊሰማ ስለሚመጣ ጸጥ ይላል። እኔ ብቻዬን ስሆን የምሄደው ወደነዚህ ነው።

ማንን የት ልላክ?

እናትና አባት፣ ልጆች፣ የውጭ እንግዳ ካሉ ባህላዊ ምግብ ቤት። ረቡዕና ዓርብ ቢሆን እንኳ የጾም በያይነቱ አለላችሁ። ሦስት አራት የሚቀላለዱ ጓደኛሞች ከሆናችሁ ያለጥርጥር አዝማሪ ቤት። ጥንዶች ከሆናችሁና ማውራት ከፈለጋችሁ ጃዝ፣ ግን ከስፒከሩ ራቅ ያለ ጠረጴዛ አስቀድማችሁ ያዙ። ልደት ከሆነ ክለብ፣ ከአምስት ባላነሰ ሰው። ለአማት ብሔራዊ ቴአትር፤ ማውራት አያስፈልግም።

በዓቢይ ጾም ግን ይሄ ሁሉ ይቀዘቅዛል። ብዙ ቤት ባንዱን ያሳርፋል፣ አዝማሪውም አገሩ ይገባል። በእነዚያ 55 ቀናት እንግዳ ከመጣባችሁ ምንም ቃል ሳትገቡ በፊት ደውሉ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይከፍታልና ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሐሙስን ሞክሩ።

መመለሻችሁንም ከመውጣታችሁ በፊት አስቡ። ሌሊት ሚኒባስ የለም። በር ላይ የቆመው ታክሲ ደግሞ መስከራችሁን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው፤ ስለዚህ በስልክ የሚጠሩትን ታክሲዎች፣ ራይድ ወይ ፈረስን ጥሩ፣ ስልካችሁንም ሞልታችሁ ውጡ። የመጨረሻው ዘፈን ከማለቁ አንድ ዘፈን ቀደም ብላችሁ ጥሩት፤ ሁሉም ሰው አንዴ ሲወጣ መኪና አይገኝም።