«ቧንቧ ውሃ ላይ ዕጣን ጨሰ»፦ የደሴው የዘፈን እንቆቅልሽ ምሽት ሲመዘን

ርዕሱ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ለደሴ ሰው ተራ የሰፈር ወሬ ናት። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ ዕጣንም ቡና ባለበት ይጨሳል። «ላይ» የምትለው ቃል ግን ሁለት ቤት አላት፤ «እዚያ ሰፈር» ማለትም ትሆናለች፣ «ከውሃው በላይ» ማለትም ትሆናለች። ሁለተኛውን ይዞ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ተጫዋች የሮክ ባንዱን የዲፕ ፐርፕልን ዘፈን «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» (ጭስ ውሃ ላይ) ያገኛል። ሰሙ ደሴ፣ ወርቁ ስዊዘርላንድ፦ ዘፈኑ የተወለደው በ1971 ሞንትሮ ከተማ ሐይቅ ዳር የነበረ ካዚኖ ሲቃጠል ጭሱ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ስለታየ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥሩ ፍንጭ ማለት ይሄ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ካፌ ፎቁ ላይ ቅዳሜ ማታ የሚያዘጋጀው የዘፈን ርዕስ ግምት እንዲህ ያሉ ፍንጮች ሲያወጣ ሌላ የማታ መዝናኛ አያስመኝም። ችግሩ ከ24ቱ ፍንጮች «እሰይ» የሚያሰኙት ከ10 አይበልጡም። የቀሩት ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጡ ናቸው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ቡድን ከ3 እስከ 5 ሰው፣ ጠረጴዛ 8፣ ዙር 3፣ በየዙሩ 8 ፍንጭ። አጫዋቹ ፍንጩን ሁለት ጊዜ ያነባል፣ ከዚያ 90 ሰከንድ ይቆጥራል። ለርዕሱ 2 ነጥብ፣ ለዘፋኙ 1 ነጥብ። ስልክ ሁሉ መግቢያው ላይ ባለው ሞሰብ ይገባል፤ መልሱ ሲገለጥ ዘፈኑ 20 ሰከንድ ያህል በስፒከር ይሰማል።

የዚህ ቤት ምርጥ ፈጠራ ግን «አገር መስጠት» ነው። ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ «ምን አውቅልህ» ብሎ ጀምሮ መልሱ የጠፋበት ለጠያቂው አገር እንደሚሰጥ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን ሲቀመጥ 4 ካርድ ይሰጠዋል፦ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ወረኢሉ፣ ባቲ። መልሱ የጠፋበት ቡድን አንድ አገር ሰጥቶ ተጨማሪ ፍንጭ ይገዛል። እስከ መጨረሻው ያልተሰጠ አገር 1 ነጥብ ያወጣል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ አገር ሰጥቶ ርዕሱን ማግኘት ከኪሳራ በኋላም 1 ነጥብ ያተርፋል፣ ዘፋኙም ከታወቀ 2። ስለዚህ ካርዱን አቅፎ መቀመጥ ንፍገት እንጂ ብልጠት አይደለም። አንድ እንከን አለው፦ «ባቲ» የዘፈንም የቅኝትም ስም ስለሆነ፣ መልሱ ባቲ በሆነበት ዙር ካርዱን ከፍ ያደረገ ቡድን መልስ ይስጥ አገር ይስጥ መለየት ያቅታል። በከሚሴ ቢተካ ይገላግላል።

ወደ ፍንጮቹ እንግባ። ሦስት ዓይነት ናቸው፣ ሦስቱም የተለያየ አፈታት ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው በትርጉም የሚሄደው ነው። «የዛሬ ዋዜማ» ሲል መልሱ የቢትልሶች «የስተርዴይ» ነው፣ 1965። አጭር፣ ንጹሕ። ይህንኑ ዘፈን በሌላ መንገድም አምጥተውታል፦ «ለቁርስ እንቁላል ፍርፍር፣ የዛሬ ግን ያልሆነ»። ፖል ማካርትኒ ዜማው ላይ ግጥም እስኪያገኝ ድረስ «እንቁላል ፍርፍር» እያለ ያንጎራጉረው እንደነበር የሚያውቅ ወዲያው ይስቃል፤ የማያውቀውም «የዛሬ ያልሆነ» ከሚለው ይደርሳል፣ የነገ ፍርፍር የበላ ሰው የለምና። ሁለት መንገድ ያለው ፍንጭ እንዲህ ነው የሚሠራው። በአንጻሩ «ወደ ሰማይ የሚወስድ ደረጃ» ብሎ የሌድ ዜፕሊንን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» መጠየቅ እንቆቅልሽ አይባልም፤ የአስተርጓሚ ፈተና ነው። ሰም የለውም፣ በ5 ሰከንድ 8ቱም ጠረጴዛ ይጽፈዋል።

በዚህ ዓይነት ውስጥ ቡድኖች በብዛት የሚወድቁት ትንሿን ቃል ሲንቁ ነው። «መሳይ ላይ ድንጋይ ተንከባለለ» የሚለው ፍንጭ ሲነበብ ብዙው «ሮሊንግ ስቶንስ» ብሎ ይጽፋል። ያ የባንድ ስም ነው። «መሳይ» የሰው ስም መስሎ የተቀመጠው በምክንያት ነው፤ «የሚመስል» ማለት ነውና መልሱ የቦብ ዲላን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ነው። ፍንጩ ውስጥ የሰው ስም ካያችሁ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አማርኛ ስሞች ትርጉም አልባ ሆነው አያውቁም።

ሁለተኛው በድምፅ የሚሄደው ነው። «ደረሰኙ ጂንስ ሱሪው ውስጥ ቀረ»፦ ደረሰኝ በእንግሊዝኛ «ቢል» ነው፣ ሱሪውም ጂንስ፤ ተገጣጥሞ የማይክል ጃክሰን «ቢሊ ጂን»። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አሠራሩ ግን ጎደሎ። «ኢ» ከየት መጣች? «ስ» ወዴት ሄደች? ድምፅ የሚጫወት ፍንጭ ድምፅ እየተጫወተ መሆኑን ማሳወቅ አለበት፤ «አሉ»፣ «ሲባል ሰማን»፣ «በጆሮ» የመሰለ ምልክት ይበቃል። ፊደል ከተቀነሰም «ጠፋ» ወይም «ተቆረጠ» መባል አለበት። ይህን ያሟላው አንድ የአማርኛ ዘፈን ፍንጭ ነው፦ «ምት የጠፋበት መላ ምት፣ ሁለት ጊዜ»። «መላ ምት» ላይ «ምት» ሲነሳ «መላ» ይቀራል፣ ሁለት ጊዜ ሲባል የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»። ምት የሙዚቃም ቃል ስለሆነ ሰሙ ራሱ ስለ ዘፈን ያወራል። አንድም ቃል አይባክንም፤ ከ24ቱ ሁሉ በአሠራር የሚበልጠው ይህ ነው።

ሦስተኛው ኅብረ ቃል የሚይዘው ነው፣ እዚህ ቤቱ ይችልበታል። «ጠጅ ዘነበ፤ የማር ግን አይደለም»። የማር ካልሆነ የወይን ነው፤ ወይን ጠጅ ደግሞ ቀለም ነው፤ ቀለሙ ሲዘንብ የፕሪንስ «ፐርፕል ሬን»፣ 1984። አዘጋጁ «ሐምራዊ» የሚለውን ቃል መሸሹም ትክክል ነው፤ ያ ቃል አንዱ ጋ ወይን ጠጅ፣ ሌላው ጋ ሮዝ ነውና ክርክር ያመጣ ነበር።

ከሁሉ የሚጣፍጠው ደግሞ የአገሬው አነጋገር የገባበት ነው። «ልጄ ይጣፍጣል፣ በወሎኛ ከማር ይልቅ»። ወሎ «ከ»ን «ተ» ይላል። ከማር፣ ተማር። የዓለማየሁ እሸቴ «ተማር ልጄ»። ይህን ፍንጭ አዲስ አበባ ወስዳችሁ ብትጠይቁ ግማሹ ሰው ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ደሴ ላይ እናቶች ከጓዳ ሆነው ይመልሱታል።

ኅብረ ቃል ላይ የሚበላሸው ንባቡ ነው። «ገና ነው ሲባል አለፈ» የሚለው ፍንጭ የዋም «ላስት ክሪስማስ» (1984) ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ጊዜ አለ» ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ። አጫዋቹ አጥብቆ ካነበበው ወርቁ በአደባባይ ተሰጠ፣ ጨዋታው አለቀ። አላልቶ ካነበበውም አንዳንዱ «አጭበረበርክ» ይላል። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት የለውም፤ ለእንቆቅልሽ ይህ በረከት ነው። ስለዚህ በመጥበቅና በመላላት የሚሠራ ፍንጭ መነበብ የለበትም፣ ተጽፎ ይታይ። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሎ ሳለ የቡድኖች ነጥብ ሲጻፍበት ብቻ ማየት ያስቆጫል።

ሌላው ጉድለት ሁለት መልስ ያለው ፍንጭ ነው። «ስልክ ሲነሳ የምትቀድመው ቃል» ሲባል አንዱ የላየነል ሪቺን «ሄሎ» (1984) ይጽፋል፣ ሌላው የአዴልን (2015)። ሁለቱም ርዕሱን አገኙ፤ የዘፋኙ ነጥብ ለማን ይሰጥ? ዳኛው የመጀመሪያውን ብቻ ተቀብሎ ሲያልፍ ጠረጴዛ ይደበደባል። ፍንጩ ጫፍ ላይ «የካሴት ዘመን» ብሎ መጨመር ይበቃ ነበር።

አንድ ፍንጭ ደግሞ ጨርሶ መውጣት አለበት፦ ከ40 በላይ ዘፋኞች በ1985 ለረሃቡ የዘፈኑት ምንድን ነው የሚለው። መልሱ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ነው፣ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የጻፉት። የቃል ጨዋታ የለበትም፣ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ነው። ከዚያም በላይ፣ የዚያ ረሃብ ምስል ዓለምን የዞረው ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ነው። ደሴ ላይ ይህን ለ2 ነጥብ መጠየቅ አይመችም።

የማሰሚያው 20 ሰከንድ ከየት እንደሚጀመር የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ከመነሻው ይጀመር፣ ጊታሩ በ4 ሰከንድ ያሳውቃል። ወደ 8 ደቂቃ የሚሄደውን የሌድ ዜፕሊን ዘፈን ግን ከመነሻው ማስጀመር ትርፉ ዝምታ ነው፤ ከበሮው የሚገባው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። የኩዊን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ም ሦስት አራት መልክ ስላለው በቶሎ መታወቁ በተመረጠው ቁራጭ ይለያያል። ብዙ ሰው ከሚያውቀው ቁራጭ መጀመር ይሻላል። መብራት ሲጠፋ በስልክ ስፒከር ያሰማሉ፤ የኋላ ጠረጴዛዎች አይሰሙም።

90 ሰከንዱ ለትርጉም ፍንጭ ይበዛል፣ ለድምፅ ፍንጭ ያንሳል። ድምፅ የሚፈታው ጮክ ብሎ በመሞከር ነው፣ ጠረጴዛዎቹ ደግሞ ተጠጋግተው የተቀመጡ ናቸው፤ የሞከረ ቡድን ለጎረቤቱ ይመልሳል። ለድምፅ ፍንጭ ተጨማሪ 30 ሰከንድ ቢሰጥ፣ የአማርኛ ዘፈኖችም ድርሻ ከ4 ወደ 8 ከፍ ቢል ዙሮቹ ይመጣጠናሉ።

ቡናው ጥሩ ነው፣ ኬኩ ደረቅ። ሻይ በቶሎ ይመጣል፤ ምግብ ካዘዛችሁ ግን ከመጀመሪያው ዙር በፊት እዘዙ፣ ጨዋታ ከተጀመረ አስተናጋጆቹም ሲገምቱ ነው የሚገኙት። በረንዳው ላይ ያሉት 2 ጠረጴዛዎች ከጆሮ ጠቢ ይሰውራሉ፣ የጦሳ ተራራ ንፋስ ግን ከ1 ሰዓት በኋላ ጋቢ ያስፈልገዋል። ጨዋታው 12 ሰዓት ተብሎ 12 ተኩል ይጀምራል፣ የሚያልቀው 3 ሰዓት ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ቡድን ይህ ከባድ ነው፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ማታ ሚኒባስ እየሳሳ ስለሚሄድ ብዙዎቹ ሦስተኛው ዙር ሳይጀመር ይነሳሉ። እነሱ እንዳይጎዱ የአማርኛ ዘፈኖቹ ወደ መጀመሪያው ዙር ቢመጡ ጥሩ ነው፤ ካልሆነም ኮንትራት መኪና ተነጋግራችሁ ኑ፣ አገሮቻችሁንም ሁለተኛው ዙር ላይ ስጡ። ቀድሞ ለሚነሳ ቡድን የቀረ ካርድ ነጥብ አይቆጠርለትም።