የበሰበሰ ቪጋ፦ እንጨት ይሻላል፣ ፎም ነው ወይስ ቆርጦ መገላገል?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ያንን ከግድግዳህ የወጣውን ግንድ በስንት አሠራኸው?» ማታ ደግሞ አራተኛው የራሱን ቤት ፎቶ ልኮ «ይኼስ ይድናል?» አለኝ፣ ሐኪም የሆንኩ ይመስል። አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ እዚህ ልላከው።

የምኖረው አሜሪካ፣ አሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ነው። ቤቴ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራ፣ የሳንታ ፌ ስታይል የሚሉት ዓይነት ነው። ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ጭቃ የሚመስል ልስን፣ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉ ክብ ግንዶች። ግንዶቹን ቪጋ ይሏቸዋል። በድሮው የኒው ሜክሲኮ የጭቃ ጡብ ቤት ቪጋ ጣሪያውን የሚሸከም ግንድ ነው፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይጋደምና ጫፉ ወደ ውጭ ይተርፋል። እንደኔ ባለው ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ጌጥ ነው። ሁለት ጫማ የምታህል ቁራጭ በብሎን ግድግዳው ላይ ታስራ ቤቱን ጥንታዊ ታስመስለዋለች። በቃ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገብታችሁ ኮርኒሱን እዩ። ውጭ ካለው ጫፍ ትይዩ፣ ውስጥም በዚያው መስመር ግንድ ከታየ ምናልባት ተሸካሚ ነው። ያኔ ይህን ጽሑፍ ዝጉና መሐንዲስ ጥሩ። እኔ የማወራው ስለ ጌጡ ነው።

«በረሃ ላይ እንጨት እንዴት ይበሰብሳል?» ይሉኛል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የተዘናጋሁት። ፀሐዩ የግንዱን ጀርባ ይሰነጥቀዋል። በ2023 እዚህ ፊኒክስ 31 ቀን በተከታታይ ከ43 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ያን ቻይ እንጨት የለም። ከዚያ ክረምቱ ይመጣል፣ ሞንሱን የሚሉት፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ በፈረንጁ። ለወራት ጠፍቶ የከረመ ዝናብ በአንድ ሰዓት ይወርድና ወደ ላይ የተከፈተውን ስንጥቅ እንደ ገንዳ ይሞላዋል። የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ ውኃን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ላዩ በማግሥቱ ይደርቃል፣ ልቡ ግን ርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ሻጋታው የሚበላው እዚያ ነው። ከውጭ ቀለሙ ደህና ስለሆነ አታዩትም። ካቻቪቴ ይዛችሁ ውጡና ከላይ በኩል ውጉት። ቅቤ እንደተወጋ ሁሉ ከገባ አልቆለታል። የኔ ከ14ቱ 9ኙ እንደዚያ ገቡ። አምስቱ የሰሜን ግድግዳ ላይ፣ ጥላ ሥር ያሉት፣ ድንጋይ ናቸው።

አያቴ የአጥር ቋሚ ጥድ ካልሆነ አይሆንም ይሉ ነበር፣ የሐበሻን ጥድ ምስጥ አይደፍረውምና። እዚህ ለቪጋ የሚያስገቡት ፓይን የሚሉት እንጨት ግን ለምስጡም ለሻጋታውም የተዘጋጀ ምሳ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት «ማስጠገን» ነበር። በ2019 አንድ ሰው መጣና ሁሉንም በ980 ዶላር አድሳለሁ አለ። ለምን 980 እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። አሪዞና ውስጥ ሥራው ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነና የግንባታ ፈቃድ ካላስፈለገው፣ የሚሠራው ሰው የኮንትራክተር ላይሰንስ አያስፈልገውም። የሠራው ምን መሰላችሁ? የበሰበሰውን ሳያወጣ ላዩን ስቱኮ ሞላው። ስቱኮ ስል እኛ አገር ከቀለም በፊት ቀዳዳ የምንደፍንበትን ማለቴ ነው፤ እዚህ አገር ስቱኮ የሚሉት የውጩን የሲሚንቶ ልስን ነው፣ ዋጋ ስትጠይቁ እንዳትደናገሩ። በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቡናማ ቀለም ቀባው፣ አማረ። እኔም ጉርሻ ጨምሬ ሰጠሁት! በሚቀጥለው ሞንሱን የሞላው ሁሉ እንደ ቅርፊት ተላጦ ግቢው ውስጥ ወደቀ። ጥገና ጨርሶ አይሆንም አልልም። ብስባሹ ትንሽ ከሆነ፣ ተቆፍሮ እስከ ጤነኛው እንጨት ከወጣና በደንብ ደርቆ ኢፖክሲ በሚሉት ጠንካራ ሙጫ ከተሞላ ይይዛል። ግን ጡጫ የሚያህል ቀዳዳ በኢፖክሲ ለመሙላት የሚወጣው ብር አዲስ ግንድ ይገዛል።

ሁለተኛው ስህተቴ ፎም ነው። ይሄ ትንሽ ያሳፍረኛል፣ ምክንያቱም ባለቤቴ አትግዛ ብላኝ ነበር። ኦንላይን እንጨት የሚመስል፣ ቋጠሮው ሳይቀር የተሳለበት ቪጋ በ68 ዶላር አየሁ። የታወቀው ጠንካራ ፎም በጊዜው 160 ነበር። ፎቶው ላይ ልዩነት የለውም። ስድስት ለምዕራቡ ግድግዳ አዘዝኩ፣ 408፣ ከማጓጓዣው ጋር 503 ዶላር። ካርቶኑ ሲመጣ በአንድ እጄ አነሣሁት። ያኔ ነበር መመለስ የነበረብኝ። ቲቪ የሚጠቀለልበት ነጭ ፎም ላይ ስስ ቀለም ቀብተው የላኩት ኮፒ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት ዝቅ ብዬ ሳነብ ለቤት ውስጥ የሚል አለበት፣ በትንንሹ።

በሙጫ ለጠፍናቸው። አንዱ በነሐሴ ሙቀት ከነልስኑ ቀለም ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሙጫው አልለቀቀም፣ የለቀቀው ከሥሩ ያለው ቀለም ነው። ሁለቱ ላይ ግንደ ቆርቁር መጣ። እዚህ ጊላ የሚባለው ግንደ ቆርቁር ሳጓሮ ቁልቋልን ፈልፍሎ ነው ጎጆ የሚሠራው፣ ፎም ለሱ ምኑም አይደል። ነጭ ነጭ ፍርፋሪ ጎረቤት ድረስ በነፋስ ሄደ። በመጨረሻም ከቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። ቪጋዬ ሲበሰብስ ሁለት ዓመት ያላየ ማኅበር ወፏን ወዲያው አያት።

ጥሩው ፎም፣ ጠንካራው ዩሬቴን፣ ሌላ ነገር ነው፤ በሐቅ ልናገር። ምስጥ አይበላውም፣ አይበሰብስም፣ ቀላል ነው። ቤታችሁ ፎቅ ከሆነና መሰላል ለመውጣት የሚያስፈራ ከሆነ እሱን ብትገዙ አልስቅባችሁም። ግን ጥፍራችሁን ጫኑበት፤ ከሰረጎደ ተዉት። ለውጭ የሚሆን፣ ፀሐይ የሚችል ተብሎ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ ተዉት። በሙጫ ብቻ አትስቀሉት። ቀለሙንም ማደስ አይቀርም፣ ዩሬቴን ፀሐይ ካገኘው ይቢጫልና ይፈረፍራል። እንግዲህ አንዱን በ160 ዶላር ገዝታችሁ፣ ለመስቀያ 100 ከፍላችሁ፣ ቀለሙንም የምታድሱ ከሆነ፣ እንጨቱን ምን አስጠላችሁ?

ቆርጦ መገላገል የሚለውን ብዙ ሰው ይወደዋል። አንዲት እናት እዚያው ቤተ ክርስቲያን «ልጄ፣ በመጋዝ ብለህ ጣለው፣ ለምን ታለቅሳለህ» አሉኝ። አንድ ወዳጄ እንደዚያ አደረገ። ቆርጦ ለመለሰን 1,400 ከፈለ። ግን የድሮው ልስን በፀሐይ ደብዝዟል፣ አዲሱ ልስን የራሱ ቀለም አለው፤ ግድግዳው በረድፍ ፓች የተለጠፈበት ጎማ መሰለ። ያንን ለማጥፋት ግድግዳውን በሙሉ አስቀባ፣ ሌላ 1,900። በአጠቃላይ 3,300 ዶላር፣ ቤቱ ደግሞ አሁን ካርቶን ይመስላል። (ይህን ነግሬዋለሁ፣ ከኋላው አይደለም የማወራው።) ግማሹን ግድግዳው ውስጥ ትቶ ላዩን መለሰን ደግሞ የባሰ ነው፤ ርጥበቱን አብራችሁ ነው የምትደፍኑት። ኒው ሜክሲኮ ባለችው ሳንታ ፌ ከተማ ታሪካዊው ሰፈር ውስጥ ቤት ያላችሁ ካላችሁ መጋዝ እንዳታነሡ። እዚያ ከ1957 ጀምሮ የቤቱን መልክ የሚቆጣጠር ደንብ አለ፣ ቀድሞ ማስፈቀድ ነው።

እኔ የቆረብኩበት እንጨት ነው። እውነተኛ እንጨት፣ ግን የላሜራ ቆብ ያለው።

ኮንትራክተር ጠየቅሁ፣ አንዱን ጫፍ በ425። ለ14ቱ 5,950 ዶላር። ደህናዎቹን አምስቱን ለምን ትቀይራለህ ብዬ ስጠይቀው «ተመሳሳይ እንዲሆኑ» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩና የዚያን ወር እቁብ ደረሰኝ፣ ራሴው ገባሁበት። ስምንት ኢንች ውፍረት፣ 12 ጫማ ርዝመት ያለው ደረቅ ዳግላስ ፈር የሚሉት ግንድ፣ አንዱ 130 ዶላር። ጫፍ ጫፉን ጥዬ ከአንዱ አምስት ቁራጭ አወጣሁ። ሁለት ግንድ 260፣ አሥር ቁራጭ፣ አንድ ትርፍ። ለ14ቱም ቆብ ላሜራ ቤት አሠራሁ፣ አንዱ በ22፣ 308። ብሎን፣ ሲሊኮን፣ ምስጥና ብስባሽ የሚከላከል የቦሬት መድኃኒት፣ የእንጨት ቀለም፣ 185። ልስን የሚሠራ ሐበሻ ወንድማችን ሁለት ቀን አገዘኝ፣ በቀን 250፣ 500 ዶላር። ምሳውን አልቆጥርም። ድምር 1,253። ለዘጠኝ ሲካፈል አንዱ 139 ዶላር ገደማ፣ የአምስቱን ደህናዎች ቆብ ጨምሮ። በስቱኮውና በፎሙ ያቃጠልኩት 1,483 ነበር! ይቺን ስሌት ለባለቤቴ አላሳየኋትም።

አሁን ዋናው ነገር አሠራሩ ነው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። እርጥብ ግንድ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፣ ግድግዳው ላይ እያለ ይሰነጠቃል። ደረቁም ቢሆን ስንጥቅ አያጣም፤ ትልቁን ስንጥቅ ወደ ታች አዙራችሁ ስቀሉት። ይቺን የነገረኝ እንጨቱን የሸጠልኝ ሽማግሌ ነው፣ ከሁሉ በላይ የጠቀመችኝ እሷ ናት። ከመስቀላችሁ በፊት ጫፉንም ጀርባውንም ቦሬት አጠጡት። ቦሬት በውኃ ስለሚታጠብ ላዩ ቀለም ያስፈልገዋል። የተቆረጠውን ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት። ከዚያ በትራፓኖ መሃሉን በስታችሁ፣ ልስኑን አልፎ ውስጥ ያለውን እንጨት በሚነክስ ረጅም ብሎን እሰሩት። ልስኑ ብቻውን ምንም አይሸከምም። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ከላይና ከጎን ሲሊኮን አድርጉ፣ ከታች ክፍት ተዉት፤ የገባ ውኃ መውጫ ይፈልጋል።

ላሜራው ጀርባውን ብቻ ይሸፍን፣ ከጫፉም ትንሽ ይለፍና ጠርዙ ወደ ታች ይታጠፍ፣ ውኃው እንጨቱን ሳይነካ እንዲንጠባጠብ። ዙሪያውን ጠቅልላችሁ እንደ ቆርቆሮ ሥጋ አታሽጉት፣ ውስጡ ያልበዋል። ከመንገድ ሲታይ ያስጠላል ወይ? ቡናማ ካስቀባችሁት አይታይም። አንድ ጎረቤቴ ቆብ መሆኑን ያወቀው ስነግረው ነው።

ከጎኑ አሸንዳ ካለ ደግሞ መጀመሪያ አሸንዳውን አስተካክሉ። የኔ ሦስቱ የሞቱት በዝናብ ሳይሆን ከጣሪያው በተጠማዘዘ አሸንዳ በሚወርድ ውኃ ነው፣ በየዓመቱ በየጎናቸው ሲያጠጣቸው ከርሞ።

እንጨቱ ከተሰቀለ ሦስት ሞንሱን አለፈው። ባለፈው ወር በካቻቪቴ ዞርኩ፣ አንዱም አልገባም። ቀለሙ ምዕራብ በኩል ደብዝዟል፣ ጥቅምት ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል እደግመዋለሁ፤ አንድ ጋሎን 60 ዶላር ገደማ፣ ግማሹ ይተርፋል። አሥረኛዋ ቁራጭ ጋራዥ ውስጥ አለች፣ አንድ ብቻ የበሰበሰበት ካለ በ30 ዶላር እሸጥለታለሁ። መሰላሉን ግን አላውስም፣ ባለፈው የወሰደው ሰው እስካሁን አልመለሰም።