የአርጎ የውቅያኖስ መረጃ አገልግሎት፦ በነጻ የሚገኝ፣ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው

ላለፉት ጥቂት ወራት የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስን የውሃ ሙቀትና ጨዋማነት ለመመልከት የተጠቀምኩት አርጎ የተባለውን ዓለም አቀፍ የመረጃ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የማንንም ፈቃድ መጠበቅም አያስፈልግም። ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ትናንት በውቅያኖሱ ውስጥ የተለካውን ሙቀት በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ማየት ይችላል። ይህን የሚያህል ሥራ በነጻ መቅረቡ ትልቅ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ይሁን እንጂ መረጃውን አውርዶ በቀጥታ ወደ ስሌት የሚገባ ሰው ሊሳሳት እንደሚችል በራሴ ሥራ ስላየሁ፣ ያገኘሁትን ጥቅምም ሆነ ያጋጠመኝን ችግር እዚህ ላይ አስቀምጣለሁ።

መረጃውን የሚሰበስቡት ሰው አልባ ተንሳፋፊ ሮቦቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ወደ ባሕር የተጣሉት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዛሬ በተለያዩ አገሮች ትብብር ወደ 4,000 የሚጠጉት በዓለም ውቅያኖሶች ውስጥ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ረጅም ሲሊንደር ነው፤ የሚገፋው ሞተር ግን የለውም። ወደ ላይ ለመውጣት በሆዱ ያለውን ዘይት በፓምፕ ወደ ውጭኛው የጎማ ከረጢት ይገፋል፤ ክብደቱ ሳይለወጥ መጠኑ ስለሚሰፋ ከውሃው ቀልሎ ይወጣል፤ ዘይቱን መልሶ ሲስበው ደግሞ ይሰምጣል። በ1,000 ሜትር ጥልቀት ዘጠኝ ቀን ያህል ከውሃው ፍሰት ጋር ከተጓዘ በኋላ ወደ 2,000 ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ ሙቀትን፣ ጨዋማነትንና ግፊትን እየለካ በሰዓታት ጊዜ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና የለካውን ሁሉ በሳተላይት ይልካል። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ፣ ማለትም ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ያህል፣ በየአሥር ቀኑ ይህንኑ ይደግማል። ሥራውን ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው የለም፤ ባሕር ውስጥ ይቀራል። የመርከብ ወጪውን ሳስብ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቢሆንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም።

አገልግሎቱ ምን ያህል እንደሚያሳይ የተረዳሁት በኤደን ባሕረ ሰላጤ የነበረን የአንድ ሮቦት ልኬት በግራፍ ሳወጣ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ሞቃትና ጨዋማ ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ጨዋማነቱም አብሮ ይወርዳል። ከዚያ ግን ከ400 እስከ 800 ሜትር ባለው ጥልቀት ጨዋማነቱ እንደገና ከፍ ይላል። መስመሩ እንደ ሆድ ወደ ውጭ ተነፍቶ ይታያል። ይህ የቀይ ባሕር ውሃ ነው። ቀይ ባሕር የሚገባበት ትልቅ ወንዝ የለም፤ ትነቱም ብርቱ ነው፤ በመሆኑም የዓለም ውቅያኖሶች አማካይ ጨዋማነት በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ወደ 35 ግራም ሲሆን፣ የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ወደ 40 ይደርሳል። ይህ ከባድ ውሃ በባብ ኤል ማንደብ ጠባብ መተላለፊያ ወለል ላይ ተንሸራትቶ ወጥቶ፣ ክብደቱ የሚፈቅድለት ጥልቀት ላይ ሲደርስ በሌላው ውሃ መካከል ይዘረጋል። ከመጻሕፍት ያነበብኩትን ነገር፣ ማንም ሰው በሌለበት ጥልቀት አንድ ሮቦት ለክቶት፣ በራሴ ኮምፒውተር ላይ በጥቂት ነጥቦች ተስሎ ሳየው የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልወጣልኝም።

ወደ ጥንቃቄው ልመለስ። በሌላ ሮቦት ልኬት ላይ በ2,000 ሜትር ጥልቀት ያለው ጨዋማነት ከወር ወር ሲጨምር አየሁ። በዚህ ጥልቀት ያለው ውሃ ከዓመት ዓመት እንኳ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ደከምኩበት። የተለወጠው ግን ሴንሰሩ እንጂ ውሃው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ አካባቢና ከዚያ በኋላ ከተሠሩት የጨዋማነት ሴንሰሮች መካከል ብዙዎቹ ያለጊዜያቸው ከእውነተኛው በላይ ማንበብ እንደጀመሩ በአርጎ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀና በይፋ የተገለጸ ነው። አርጎም ይህን አልደበቀም፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ልኬት የጥራት ቁጥር አለው፦ 1 ጥሩ፣ 2 ምናልባት ጥሩ፣ 3 ምናልባት መጥፎ፣ 4 መጥፎ ማለት ነው። በመጀመሪያ የሚደርሰን መረጃ በኮምፒውተር ብቻ የተፈተሸ ነው፤ ባለሙያ መርምሮ ያስተካከለው ቅጂ ግን እስከ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የተስተካከለውም ቁጥር በጥሬው ምትክ ሳይሆን ከጎኑ በሌላ ዓምድ ይቀመጣል። ለዕለት ትንበያ የመጀመሪያው ይበቃል፤ የረጅም ዘመን ለውጥ የሚያጠና ሰው ግን የተስተካከለውን ብቻ ሊይዝ ይገባል። ልኬትን ከነጉድለቱ፣ ጉድለቱንም በቁጥር ጽፎ የሚያስረክብ እንዲህ ያለ አገልግሎት ብዙ አላጋጠመኝም፤ ከሁሉ በላይ ያከበርኩትም ይህንን ጠባዩን ነው።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ መረጃው የሚቀመጠው በፈረንሳይ ብሬስትና በካሊፎርኒያ ሞንትሬይ በሚገኙ ሁለት ማዕከላት ሲሆን፣ አንዱ እምቢ ሲል ሌላው ይሠራል። ፋይሎቹ ኔትሲዲኤፍ በተባለ አሠራር የተዘጋጁ ስለሆኑ በኤክሴል ብቻ ለሚሠራ ሰው ያስቸግራሉ፤ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለሚችል ግን አርጎፓይ የተባለው ነጻ መሣሪያ ብዙ ድካም ያስቀራል። የአንድ ጉዞ ልኬት የያዘው ፋይል ትንሽ በመሆኑ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል። መመሪያዎቹ ረጃጅምና ለባለሙያ የተጻፉ ናቸው፤ ጀማሪን እጁን ይዞ የሚያስገባ አጭር መግቢያ ፈልጌ እንደምፈልገው አላገኘሁም።

ከአገልግሎቱ ሊጠበቅ የማይገባም አለ። ሮቦቶቹ በአማካይ በየ300 ኪሎ ሜትሩ አንድ እንዲገኝ ታስበው የተሰራጩ ስለሆኑ፣ በወደብ ወይም በባሕር ዳርቻ አካባቢ ያለውን ሁኔታ ለማወቅ አይረዱም። የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት ከ3,600 ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ አብዛኞቹ 2,000 ሜትር ላይ ያቆማሉ፤ እስከ 6,000 ሜትር የሚወርዱት ገና ጥቂት ናቸው። የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴነት በበረታባቸው ዓመታት መርከቦች ወደ አካባቢው ለመቅረብ ስለፈሩ፣ እኛን በጣም በሚመለከተው ባሕር ላይ አዳዲስ ሮቦቶችን ማሰማራት አስቸግሮ ነበር፤ የቆየ መረጃ የሚፈልግ ሰው ይህን ማስታወስ ይኖርበታል።

እኛን በጣም የሚመለከተው የምልበት ምክንያት ዝናብ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከተለመደው በላይ ሞቆ በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት በኩል ያለው ሲቀዘቅዝ፣ በቦረናና በሶማሌ ክልል ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚጠበቀው ዝናብ ይበረታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ልዩነት እጅግ ጎልቶ ስለነበር ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ ተጎድታለች። ሳተላይት የሚያየው የውሃውን ገጽ ነው። የሞቀው ውሃ 20 ሜትር ብቻ ይሁን ወይስ 100 ሜትር የወረደ፣ ማለትም በአንድ ሳምንት ነፋስ የሚጠፋ ይሁን ወይስ ለወራት የሚቆይ፣ የሚነግረን ከታች የመጣ ልኬት ነው፤ የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከልም የአርጎን ልኬቶች በወቅታዊ ትንበያው ውስጥ ያስገባል። እኔም መስከረም ሲጠባ ከሶማሊያ ጠረፍ ማዶና ከሱማትራ ጠረፍ ማዶ ያሉትን ሮቦቶች የላይኛውን 100 ሜትር ልኬት፣ የጥራት ቁጥራቸው 1 የሆኑትን ብቻ ለይቼ፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ።