ከተለያየ ሞተር ሳይክል ዕቃ ቱ ስትሮክ ለመሥራት፦ የትኛውን ሞተር ልግዛ?

ከተለያዩ ሞተር ሳይክሎች ዕቃ ለቅሞ አንድ ቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት ሞተር ያለው ሞተር ሳይክል) ለመሥራት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግዢውን የሚጀምረው ዓይኑ ከወደደው ሻንሲ ነው። እኔ ከሞተሩ ይጀመር ባይ ነኝ። የካቴናው መስመር፣ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) መንገድ፣ የራዲያተሩ ቦታ፣ የኤሌክትሪኩ ሥራ ሁሉ ሞተሩን ተከትሎ የሚወሰን ነውና።

ሞተሩ ሲመረጥም ከፈረስ ጉልበቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፦ የዚህ ሞተር ኮሎ (የፒስተኑን ጉዞ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ)፣ ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ)፣ ኩሽኔታና ፒስተን ዛሬም አዲሱ ይገኛል? ቱ ስትሮክ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሚጨርስ ሞተር ነው፤ ዕድሳቱ አይቀርም። ፒስተኑ የጠፋ ሞተር የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አንድ ጊዜ ከነከሰ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ከተጣበቀ) በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አራቱን ሞተሮች ያወዳደርኩት በዚህ ሚዛን ነው።

ያማሃ ባንሺ 347

ባንሺ የአሸዋና የሜዳ ባለ አራት ጎማ ነው። ሞተሩ ግን የመንገድ ዘር አለው፤ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1980 ካወጣው ከአርዲ 350 ኤልሲ ቤተሰብ የመጣ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች፣ የውሃ ማቀዝቀዣ፣ ሪድ ቫልቭ (የገባው ድብልቅ እንዳይመለስ የሚዘጋ ስስ ምላስ)፣ ስድስት ማርሽ። የሲሊንደሩ ስፋት 64፣ የፒስተኑ ጉዞ 54 ሚሊሜትር ነው። ባንሺው ከ1987 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ስለተመረተና አፍቃሪው ስለበዛ መለዋወጫው እንደ ልብ ነው። ሙሉ ኮሎ አዲስ ይገዛል፤ ጉዞውን የሚያረዝም ኮሎና ከፋብሪካው የሰፉ ሲሊንደሮችም ይሸጣሉ። አርዲ 350 ኤልሲ ሻንሲ ላለው ሰው ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ሞተር የለም፤ ብዙ ሳይቆረጥና ሳይበየድ ይገባል።

ገዢው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ጉድለትም አለው። ባንሺው የዘይት ፓምፕ ስለሌለው ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሞላው። በ32 ለ1 ድብልቅ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊሊትር ያህል ዘይት ይገባል። ኤሌክትሪኩም ያለ ባትሪ የሚሠራ ተለዋዋጭ ጅረት ነው፤ ፍሬቻ፣ ጥሩምባና የማያብለጨልጭ የፊት መብራት ከተፈለገ ጅረቱን የሚያስተካክል ሬጉሌተርና ባትሪ መጨመር ግድ ይላል። ፓወር ቫልቭም (የጭስ መውጫውን ቀዳዳ እንደ ሞተሩ ዙር የሚያሰፋና የሚያጠብ ክፍል) የለውም፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ዙር ይህ ቫልቭ ካለው የያማሃ የመንገድ ሞተር ሳይክል ከአርዜድ 350 ይልቅ ይለግማል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የስፕሮኬቱን (ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ ያለው ክብ) ጉዳይ ነው። የባንሺው የኋላ ጎማ ቁመቱ 20 ኢንች፣ ማለትም 508 ሚሊሜትር ነው። በቦታው 150/60 በ17 ጎማ ሲገባ ቁመቱ 612 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ስፕሮኬቶቹ ሳይቀየሩ ከቀሩ ማርሾቹ ሁሉ በ20 ከመቶ ያህል ይረዝማሉ። ሞተር ሳይክሉ ከቆመበት አልነሳ ሲልም ወቀሳው ያለ ጥፋቱ በካርቡራቶሩ ላይ ይወድቃል።

ሆንዳ ሲአር 500

ይህ የሞቶክሮስ ትልቅ ነጠላ ሲሊንደር ነው፤ ከ1984 እስከ 2001 ተመርቷል። በውሃ የሚቀዘቅዘው፣ ማለትም ከ1985 ወዲህ ያለው፣ ለሥራችን የሚሆነው ነው። 89 በ79 ሚሊሜትር፣ 491 ሲሲ፣ አምስት ማርሽ። ስሙን ያገነነው ከታች የሚነሳው ጉልበቱ ነው፤ ማርሽ ሳያስቀይር ከዝቅተኛ ዙር ይጎትታል። በዕድሜ የገፋውን የብረት ሻንሲ ትቶ ሞተሩን ወደ ኋለኞቹ የሆንዳ አሉሚኒየም ሻንሲዎች ማስገባት የታወቀ ሥራ ሆኗል፤ ከ1997 ወዲህ ያለው ሲአር 250ም፣ ባለ አራት ምቱ ሲአርኤፍ 450ም ለዚህ ያገለግላሉ።

ግን ሥራው ከባድ ነው። ሞተሩ ሰፊና ረጅም በመሆኑ የሻንሲው የታች ክፍል ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። በሙቀት የጠነከረ አሉሚኒየም ደግሞ በብየዳው ዙሪያ ጥንካሬውን ያጣል፤ አሉሚኒየም ብየዳ የሚያውቅ ሰው በእጅዎ ከሌለ ይህን መንገድ አልመክርም። የንዝረት ማመጣጠኛ ዘንግ ስለሌለው በረጅም መንገድ እጅ ያደነዝዛል፣ ቡሎን ያላላል፣ ቀጫጭን የብረት ማሰሪያዎችን ይሰነጥቃል። የፋብሪካ ማቀጣጠያው ለመብራት የሚሆን ኃይል አይሰጥም። አነሳሱም በእግር ብቻ ነው፤ በትክክል ያልተረገጠ እንደሆነ መልሶ ይመታል። የቅርብ ተቀናቃኙ ካዋሳኪ ኬኤክስ 500 (86 በ86 ሚሊሜትር) ፓወር ቫልቭ ስላለው አለዘብ ይላል። ከሁለቱ ለመንገድ ይሁን ቢባል እኔ ካዋሳኪውን አስቀድማለሁ፤ ሆንዳው ግን ለአሉሚኒየም ሻንሲው የተዘጋጁ ማያያዣዎችና ማርሚታዎች በመኖራቸው ይበልጠዋል።

የአፕሪልያ አርኤስ 250 ሞተር

ልብ የሚያሸፍተው ይሄ ነው። ሞተሩ የሱዙኪ አርጂቪ 250 ነው፤ በ90 ዲግሪ የተከፈተ ቪ፣ 249 ሲሲ፣ 56 በ50.6 ሚሊሜትር። ድምፁም አካሄዱም የውድድር ነው። ግን ሞተሩን ብቻ ገዝቶ ወደ ሌላ ሻንሲ ማስገባት አይዋጣም። የሁለቱ ሲሊንደሮች ማርሚታዎች የሚያልፉበት መንገድ ለዋናው ሻንሲና ለጎባጣው የኋላ ክንድ ተብሎ የተሰላ ነው። የፓወር ቫልቩ ስለት ተሰብሮ ወደ ሲሊንደር የመውረድ የታወቀ ችግርም አለበት፤ ሳይፈታና ሳይታይ መነሳት የለበትም። ሙሉ ሞተር ሳይክል ካገኙ እንዳለ ይጠግኑት፤ አይቁረጡት።

ኬቲኤም 300

72 በ72 ሚሊሜትር፣ 293 ሲሲ፣ ስድስት ማርሽ፣ በቁልፍ የሚነሳ። ኢኤክስሲ በተባለው የ2017 ሞዴሉ የንዝረት ማመጣጠኛ ዘንግ ገብቶለታል፣ ካርቡራቶሩም አልተነሳለትም ነበር፤ በ2018 በነዳጅ መርጫ ተተካ። ለዚህ ሥራ የ2017ቱ የተለየ ዋጋ አለው፤ ነዳጅ መርጫ ያለው ከሆነ ኮምፒውተሩን፣ ሴንሰሮቹን፣ የነዳጅ ፓምፑንና ሽቦውን በሙሉ አብሮ መግዛት ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ አይነሳም። ጉልበቱ ከሲአር 500 ያንሳል፣ ግን ቀላልና ጠባብ ስለሆነ የሚገባበት ሻንሲ ብዙ ነው፤ መለዋወጫውም ዛሬ የሚመረት ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራና መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ባንሺውን፣ ቀላልና ብዙ የማያስቸግር ለሚፈልግ የ2017ቱን ኬቲኤም፣ ብየዳውንም ንዝረቱንም ለሚችል ሲአር 500ን እላለሁ።

ሞተሩን ሲገዙ

ሻጩ “ይነሳል” ቢልም አይበቃም። ቱ ስትሮክ ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው ከኮሎው ክፍል በሚነሳ ግፊት ስለሆነ አንድ ያረጀ ኦይል ሲል (በኮሎው ጫፍ ያለ የጎማ ማሸጊያ) አየር ካስገባ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑም ይቀልጣል። መግቢያና መውጫው ተደፍኖ በትንሽ ፓምፕ 0.4 ባር ያህል አየር ይሞላ፤ ለስድስት ደቂቃ ካልወረደ ጤነኛ ነው። ከወረደ ሳሙና ውሃ ቀብተው አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጉ። ቢየላውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱ ምንም ክፍተት ሊሰማ አይገባም፤ ወደ ጎን ትንሽ መንሸራተቱ ግን የተለመደ ነው። የኮሎ ዕድሳት በፕሬስ ተገፍቶ፣ ከዚያም በመለኪያ እየታየ የሚቃና ሥራ ነው፤ መሣሪያው ለሌለው ሙሉ ኮሎ መግዛት ይቀላል።

ማርሚታውን ከሞተሩ ጋር አብረው ይግዙ። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም፤ ሆዱ የተነፋው የግፊት ሞገዱን መልሶ ወደ ሲሊንደሩ እንዲልክና ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ ድብልቅ እንዲገፋ ነው። ስለዚህ ሻንሲው ውስጥ አልገባ ብሎ ቢያጥሩት ጉልበቱ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል፣ የታቹ ይሞታል። ማጠፍ ይቻላል፤ ርዝመቱንና የሆዱን ስፋት መለወጥ ግን ሌላ ሞተር እንደ መሥራት ነው። ሻንሲ ከመግዛትዎ በፊት ማርሚታው የሚያልፍበትን ቦታ በሜትር ይለኩ።

የፊቱ ክፍል

ሹካ ከአንዱ፣ ቸርኬ ከሌላው፣ ፍሬን ከሦስተኛው መግዛት ርካሽ ይመስላል፤ በኋላ የሚከፈለው የቶርኖ ሥራ ዋጋውን ይበላዋል። ሹካውን፣ ሹካውን ከመሪው ዘንግ ጋር የሚይዙትን ሁለቱን ማያያዣዎች፣ አክሱን፣ ጎማውንና ፍሬኑን ከአንድ ሞተር ሳይክል በሙሉ ያንሱ። ያኔ የሚቀረው የመሪው ዘንግ ብቻ ነው፤ ውጫዊ ስፋቱ ከሻንሲው፣ ውስጣዊው ከዘንጉ ጋር የሚስማማ ኩሽኔታ መፈለግ ወይም ዘንጉን በፕሬስ መቀየር ነው።

የማያያዣው ርቀት ግን ይታሰብበት። የጎማው ራዲየስ 300 ሚሊሜትር፣ የመሪው ዝንባሌ 25 ዲግሪ ሆኖ ሹካው ከመሪው ዘንግ 35 ሚሊሜትር ቢርቅ፣ ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ከመሪው መስመር 101 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይሆናል። በ45 ሚሊሜትር ማያያዣ 90 ይሆናል። መሪው ይቀላል፣ በፍጥነት ላይ ግን መረጋጋቱ ይቀንሳል። አጭር ሹካ ሲገባም ዝንባሌው ስለሚቀንስ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ሻንሲው

የሞተሩ የፊት ስፕሮኬትና የኋላው በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ ቀጥ ያለ ብረት አስጠግተው ይዩት። 520 እና 530 ካቴና የመገጣጠሚያ ርቀታቸው እኩል 15.875 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለያዩት በስፋት፣ 6.35 እና 9.53 ነው። ሰፊ ጎማ ካሰቡ ጠባቡ 520 ካቴናው ጎማውን እንዳይልጠው ቦታ ይተርፋል።

በብዙ አገር የሞተር ሳይክሉ ማንነት በሻንሲው ቁጥር ይመዘገባል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ሰነድ የሌለው ሻንሲ ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙ። ቁጥሩ የታተመበትን የመሪ አንገትም አይቁረጡ፤ ሞተሩ የማይገባው ያለዚያ ከሆነ ሌላ ሻንሲ ይፈልጉ።