ጨርቁ ሳያረጅ ስሙ የተሸጠ ማልያ

የምንኖረው ከዳላስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በጋርላንድ ነው። የአሥር ዓመቱ ልጄ ከእኔ የወረሰው አንድ ሱስ ቢኖር የዳላስ ማቭሪክስን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አምሽቶ መመልከት ነው። የ2017 ዓ.ም. ገና ሲቃረብ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቅዳሜ ጃንዋሪ 4 ቀን 2025፣ ባለ 77 ቁጥሩን የቡድኑን ኮከብ የሉካ ዶንቺችን ሰማያዊ ማልያ ገዛሁለት። ዶንቺች በፈረንጆቹ ገና ዕለት ከሚኒሶታ ጋር ሲጫወት ባቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ያን ጊዜ ከሜዳ ርቆ ስለ ነበር፣ ግዢው የታመመ ሰው የመጠየቅ ያህል ሆኖ ተሰምቶኝ ነበር። ልጁም በበዓሉ ቀን ከነጩ የሀገር ልብሱ በላይ ደርቦት ዋለ፤ እናቱ ለፎቶ እንኳ አውልቅ ብትለው እምቢ አለ። ማልያው በተገዛ በ28ኛው ቀን፣ ጀርባው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ለሌላ ቡድን ተሰጠ።

እዚህ የምገመግመው ያንን ማልያ ነው። ማልያ ግን ከሌላው ልብስ የሚለየው ከዋጋው ግማሹ ለጨርቁ፣ ግማሹ ለስሙ የሚከፈል በመሆኑ ነውና፣ ስሙን አሳልፎ የሰጠውን ቡድን ውሳኔ አብሬ ካልመዘንሁ ስለ ዕቃው የምናገረው ግማሹን ብቻ ይሆናል።

ከጨርቁ ልጀምር። ማልያው የናይኪ ሥራ ነው፤ ኩባንያው የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤን ማልያ መሥራት የጀመረው ከፈረንጆቹ 2017–18 የውድድር ዘመን አንሥቶ ነው። ለደጋፊ የሚሸጠው ማልያ ደረጃ ደረጃ አለው። እኔ የገዛሁት «ስዊንግማን» የሚባለውን በልጆች መጠን የተሠራ ማልያ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ከሚለብሱት ዓይነት «ኦተንቲክ» ከሚባለው በዋጋም በአሠራርም ዝቅ ይላል፤ እኔ ከታክሱ ጋር መቶ ዶላር የማይሞላ ከፍያለሁ። ጨርቁ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቀላል ፖሊስተር ስለሆነ በዳላስ የበጋ ሙቀት ውጪ ሲጫወቱበት ላብ ይዞ ገላ ላይ አይጣበቅም። ቁጥሩና ስሙ በርካሾቹ ማልያዎች ላይ እንደሚታየው በቀለም የታተሙ ሳይሆኑ፣ ወፈር ካለ ጨርቅ ተቆርጠው በሙቀት የተለጠፉ ናቸው፤ ጣት ሲያሳልፉባቸው ጠርዛቸው ይታወቃል። ብብቱ ሰፊ በመሆኑ ልጁ በክረምት ከሥር ሹራብ ለብሶም ይጫወትበታል። ቀጠን ላለ ልጅ ግን ከለመደው መጠን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ሳይሻል አይቀርም፤ የእኛው በመጀመሪያው ወር ጉልበቱ ድረስ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር።

የስሙ አጻጻፍ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ዶንቺች ስሎቬኒያዊ ነው፤ በስሙ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የ«ች» ድምፆች በላያቸው በሚቀመጥ ምልክት ይለያሉ፤ አንደኛው ላይ እንደ ወፍ ክንፍ የተከፈተ፣ ሁለተኛው ላይ አንዲት ሰያፍ ጭረት። ማልያው ላይ ሁለቱም ሳይጓደሉ ተለጥፈዋል። ልጄ ምንነታቸውን ሲጠይቀኝ «ተ» ላይ ሰረዝ ስንጨምርበት «ቸ» እንደሚሆን አስታወስሁት፤ የእሁዱ የፊደል ትምህርት ከዚያ ቀን ወዲያ ትንሽ ቀለለው። ከዚህ ማልያ ያገኘሁት ያልጠበቅሁት ጥቅም ይህ ነው።

ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 1 እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ዜናው ወጣ። ዶንቺች ከማክሲ ክሌበርና ከማርኪፍ ሞሪስ ጋር ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ይሄዳል፤ ዳላስ በምትኩ አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና የሌከርስን የ2029 የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ፣ ማለትም በዓመታዊው የአዳዲስ ተጫዋቾች መልመያ የመምረጥ ተራውን፣ ይቀበላል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያሰበው ዜናውን ያወጣው ጋዜጠኛ ገጽ ተጠልፏል ብሎ ነበር፤ እኔም እንደዚያው አስቤ ተኛሁ። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ማልያውን ይዤ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድሁ። የመመለሻው ጊዜ ገና አንድ ቀን ነበረው፤ ነገር ግን የዋጋ ካርዱ በገና ዕለት ተቆርጦ ስለ ነበር ሻጩ በትሕትና «አንቀበልም» አለኝ። ከኋላዬ እንደ እኔው ሰማያዊ ማልያ የያዙ ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር። ስለ ሱቁ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ የተጫዋች ስም ያለበትን ልብስ የሚሸጥ ሁሉ እንዲህ ላለው ቀን የሚሆን ደንብ ቢኖረው ግን መልካም ነበር።

አንድ ቡድን ኮከቡን አሳልፎ መስጠት አለበትን ተብዬ ብጠየቅ፣ «በፍጹም» የሚለው መልስ ከደጋፊ ልብ ይወጣል እንጂ ከታሪክ አይወጣም። ዳላስ በጁን 2024 ለዋንጫ ደርሶ 4 ለ 1 የተሸነፈው ኮከቦቹን በመሸጥ በተገነባው በቦስተን ነው። ቦስተን በ2013 አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለውን ፖል ፒርስን ከኬቪን ጋርኔት ጋር ለብሩክሊን ሲሰጥ ብዙ ደጋፊ አልቅሷል፤ ሁለቱም ግን ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላቸው ነበሩ። በምትኩ የመጡት ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችና አንድ የምርጫ ተራ የመለዋወጥ መብት ከጊዜ በኋላ ጄይለን ብራውንንና ጄሰን ቴተምን አስገኙ። ኦክላሆማ ሲቲም በ2019 ልሂድ ያለውን ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ ሰጥቶ፣ ገና የመጀመሪያ ዓመቱን የጨረሰውን ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርን፣ ዳኒሎ ጋሊናሪን፣ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና ሁለት የመለዋወጥ መብቶችን ተቀብሏል። በ2025 ጊልጀስ አሌክሳንደር የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሲባል ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። ስለዚህ ኮከብ ይሸጣል፤ ሲያረጅ፣ ወይም ራሱ ሲጠይቅ፣ ወይም የሚመጣው ምትክ የቡድኑን መጪ አሥር ዓመት የሚያቃና ሲሆን።

ከእነዚህ መለኪያዎች በአንዱም የዳላስ ውሳኔ አያልፍም። ዶንቺች 25 ዓመቱ ነበር። በ2023–24 የውድድር ዘመን በአንድ ጨዋታ በአማካይ 33.9 ነጥብ በማስቆጠር ሊጉን መርቷል፤ ለዋንጫ ካደረሳቸው ገና ስምንት ወር አልሞላም፤ ልሂድም አላለም። ይህን ሁሉ ለአንድ የ31 ዓመት ኮከብ፣ ለአንድ ወጣትና ለአንዲት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ መስጠት ከመጠን ያለፈ ቸርነት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ኒውዮርክ በ2024 አንድም ቀን ለኦልስታር (ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ) ተመርጦ የማያውቀውን ሚካል ብሪጅስን ከብሩክሊን ለመውሰድ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ከፍሏል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን የሽያጩ መንገድ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰን ድርድሩን ከሌከርስ ጋር ብቻ በምስጢር ያዘው፤ ሌሎቹ ቡድኖች ዶንቺች ለገበያ መቅረቡን የሰሙት እኛ በሰማንበት ሌሊት ነው። በሬውን ለመሸጥ ገበያ የወጣ ገበሬ እንኳ ከመጀመሪያው ጠያቂ ጋር እጅ አይማታም፤ ዞር ዞር ብሎ የሌላውን ዋጋ ይሰማል፣ ካልተስማማው በሬውን ነድቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገበያ ያላየ ዕቃ ዋጋው አይታወቅምና፣ ዳላስ በትንሽ ሸጠ ወይስ በቂ አገኘ የሚለውን ክርክር በማስረጃ ሊዘጋው የሚችል ሰው የለም። ይህን ያጠፋው ራሱ ሻጩ ነው።

ለሃሪሰን የሚቀርበውን መከራከሪያ አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ዶንቺች በዚያ በጋ ለአምስት ዓመት ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል የመፈረም መብት ያገኝ ነበር፤ ቡድኑ የሰውነቱ አያያዝና እየደጋገመ የሚመለሰው የባቱ ጉዳት እንደሚያሳስበው በሰፊው ተነግሯል። ሃሪሰን ራሱም ዋንጫ የሚገኘው በመከላከል ነው የሚል እምነቱን በአደባባይ ተናግሯል፤ ዴቪስ ጤነኛ በሆነበት ቀን ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ መሆኑም አያከራክርም። ችግሩ ያለው «ጤነኛ በሆነበት ቀን» በሚለው ላይ ነው። የአንዱን ጉዳት ፈርቶ፣ በስድስት ዓመት የሚበልጠውንና በጉዳት ይበልጥ የሚታወቀውን ሌላውን መቀበል እንዴት ያለ ጥንቃቄ እንደሆነ አልገባኝም። ዴቪስ ለዳላስ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ በ31 ደቂቃ 26 ነጥብ፣ 16 ሪባውንድ (ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 7 አሲስት (ለነጥብ የሚያበቃ ቅብብል) ካስመዘገበ በኋላ ተጎድቶ ወጣ፤ በዚያ የውድድር ዘመን ለቡድኑ የተጫወተው 9 ጨዋታ ብቻ ነው። ማርች 3 ቀን የሌላው የዳላስ ኮከብ የካይሪ ኧርቪንግ የጉልበት ጅማት ሲበጠስ ተስፋው ጨርሶ ተሟጠጠ፤ ዳላስ 39 አሸንፎ 43 ተሸንፎ ለዋንጫው ወደሚያደርሰው ፕሌይኦፍ ሳይገባ ቀረ። ሌከርስም ቢሆን ከምዕራቡ ሦስተኛ ሆኖ ገብቶ በመጀመሪያው ዙር በሚኒሶታ 4 ለ 1 ተሸኝቷልና፣ ሌሎቹ በአንድ ሌሊት ነገሡ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እነርሱ ገና ብዙ የጨዋታ ዘመን ያለው ሰው ይዘው ቀሩ፤ በኦገስትም 165 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ የሦስት ዓመት ውል አስፈረሙት።

ኤፕሪል 9 ቀን ዶንቺች በሌከርስ ማልያ ወደ ዳላስ ሲመለስ ጨዋታውን በቤታችን ተመለከትን። ከጨዋታው በፊት ትዝታውን የሚያሳይ ፊልም ሲቀርብለት ፎጣ ይዞ እንባውን ይጠርግ ነበር፤ በየወንበሩ ላይ በስሎቬንኛ «ስለ ሁሉም እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ተቀምጧል። ከዚያም 45 ነጥብ አስቆጥሮብን ሌከርስ 112 ለ 97 አሸነፈ። ልጄ ማልያውን ለብሶ፣ ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ለማጨብጨብም ላለማጨብጨብም ተቸግሮ እጁን መቀመጫው ሥር ደብቆ ነበር ያመሸው።

በሜይ 2025 ዳላስ 1.8 በመቶ ዕድል ይዞ የድራፍቱ አንደኛ ምርጫ ዕጣ ሲወጣለትና በጁን ኩፐር ፍላግን ሲወስድ፣ «አያችሁ፣ ልውውጡ ለበጎ ነበር» የሚሉ ወዳጆች በዙብኝ። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ቡና ላይ ሳይቀር ተከራክረንበታል። ሎተሪ የደረሰው ሰው ቤቱን በርካሽ የሸጠበት ውል ትክክል ነበር ሊባል አይችልም፤ ዕጣው ባይወጣ ኖሮ ውሉ ያው ነበርና። ባለቤቶቹም ነገሩን ከዚህ አርቀው ያዩት አይመስለኝም፤ ቡድኑ ቀጣዩን የውድድር ዘመን በ3 ድልና በ8 ሽንፈት ሲጀምር ኖቬምበር 11 ቀን 2025 ሃሪሰንን አሰናበቱት።

ወደ ማልያው ልመለስ። ለመግዛት ለምታስቡ ወላጆች፣ የስዊንግማኑ ጨርቅና አሠራር ዋጋውን ያወጣል ብዬ ለመመስከር አልቸገርም፤ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ሲታጠብ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ ሲደርቅም በአየር። እኔ አንድ ቀን ከፎጣዎች ጋር በከፍተኛው ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ ጨምሬው የሁለተኛው 7 የታችኛው ጫፍ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ተነሣ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በተንጠለጠለበት ይደርቃል። የስሙን ጉዳይ በተመለከተ ግን ልጁ ስሙን ካልፈለገ የቡድኑን ስም ብቻ የያዘውን ቲሸርት ግዙለት፤ ስም ከፈለገም የዋጋ ካርዱን የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ አትቁረጡ።

እኔ በበኩሌ ለሚቀጥለው ገና የዲርክ ኖቪትስኪን ባለ 41 ቁጥር ማልያ አስቤ ነበር። ሃያ አንድ የውድድር ዘመን በዳላስ ብቻ ተጫውቶ፣ በ2011 ዋንጫ አምጥቶ፣ ቁጥሩ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎለት፣ ሐውልቱ በስታዲየሙ ደጅ የቆመለት ሰው ስለሆነ ከእንግዲህ ማንም ሊሸጠው አይችልም። ልጄን ሳማክረው «አባዬ፣ እሱ እኮ አይጫወትም» አለኝ። የፍላግን ባለ 32ም ላቀርብለት ሞከርሁ፤ እሱን ደግሞ «ይቆይ» አለ። ባለ 77ቱን አሁን ለመኝታ ይለብሰዋል፤ ጉልበቱ ድረስ ይወርድ የነበረው ወገቡ ላይ ደርሷል፤ የተነሣችዋን የ7 ጫፍ እንቅልፍ እስኪወስደው በአውራ ጣቱ ይጫናታል።