«እርጅናን ያቆማል» የተባለው የኮላጅን ዱቄት

ስታዲየም አካባቢ ከሚገኝ አንድ የመዋቢያ ዕቃዎች መሸጫ ሱቅ የገዛሁት የኮላጅን (ቆዳንና አጥንትን አጠንክሮ የሚይዝ ፕሮቲን) ዱቄት፣ በጣሳው ላይ በተለጠፈው የአማርኛ ጽሑፍ «እርጅናን ያቆማል» ይላል። ሻጯ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ዕድሜ የሚሆን ነው» ብላ በትሕትና አስረድታኛለች፤ ይሁንና ዋጋው ከአንድ ጡረተኛ የወር አስቤዛ የማይተናነስ ስለሆነ የተገባው ቃል በጥንቃቄ መመርመር አለበት።

ዱቄቱ ሽታ የለውም፤ በትኩስ ሻይ ቶሎ ይሟሟል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ግን እየጓጎለ ማንኪያው ላይ ይጣበቃል። በኮላጅን ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የቆዳ እርጥበትና ልስላሴ በመጠኑ እንደሚሻሻል አሳይተዋል፤ ብዙዎቹ ግን በአምራቾች ገንዘብ የተካሄዱ ናቸው። የተዋጠ ኮላጅን አንጀት ውስጥ ፕሮቲን ወደሚገነባበት አሚኖ አሲድና ወደ አጫጭር ቁርጥራጮች ስለሚፈጭ፣ ሰውነት ከእንቁላል ወይም ከምስር እንዳገኘው ፕሮቲን ለሚያስፈልገው ሥራ ሁሉ ያውለዋል እንጂ ለፊት ቆዳ ብቻ አያስቀምጠውም።

እርጅና ደግሞ በፊት መሸብሸብ ብቻ የሚለካ አይደለም። እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ጎምፐርዝ እ.ኤ.አ. በ1825 እንዳሳየው፣ የአዋቂ ሰው የመሞት ዕድል ከዕድሜ ጋር እየተባዛ ይሄዳል፤ ዛሬ ባለው ስሌት በየ8 ዓመቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል። እርጅና ቆመ የሚባለው ይህ ጭማሪ ሲቆም ነው፤ ለዚህ እጅግ የሚቀርበው አጥቢ እንስሳ ደግሞ የሚኖረው በሶማሊያ፣ በኬንያና በአገራችን ምሥራቃዊ ቆላ ነው። ይህ እንስሳ፣ ፀጉር አልባው ፍልፈል፣ በመጠኑ ከአይጥ ብዙም ሳይበልጥ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ከ3,000 በላይ ፍልፈሎች መዝገብ የመረመረ ጥናትም የመሞት ዕድላቸው ከዕድሜያቸው ጋር ሲጨምር አላገኘም። በአንጻሩ የፓስፊክ ሳልሞን ዓሣ እንቁላሉን እንደጣለ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ይህን ያህል ልዩነት የሚመጣው ከዘር በሚወረስ የሕዋስ ጥገና አቅምና የመራቢያ ሥርዓት ነው፤ አዳኝ እምብዛም በማይደርስበት ጉድጓድ የሚኖር ፍጡር ሰውነቱን ለረጅም ዘመን የሚጠግን ሆኖ ቢፈጠር አያስገርምም። በማንኪያ የሚለካ ፕሮቲን ይህን አይለውጥም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ ኮላጅን ከከብት፣ ከዓሣ ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሲሆን፣ የአማርኛው ወረቀት የውጭውን ጽሑፍ ሸፍኖ የእንስሳውን ስም ሳይጠቅስ ቀርቷል። ለጿሚም ሆነ አሳማ ለማይበላ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በፕሮቲንነቱ ብቻ ሊገዛው የሚፈልግ ሰው ሱቁ ወረቀቱን አንሥቶ ዋናውን መለያ እንዲያሳየው ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይክፈል።